የወር አበባዬ የት ገባ? ለማህፀን ሐኪሞች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የማህፀን በር ጫፍ ቅድመ ካንሰር ምርመራና ሕክምና ለምትሰጡ ሐኪሞች፣ ለሲስተሮች፣ ክፍሉን ለምታስተዳድሩም በሙሉ

ጤና ይስጥልኝ።

ስሜን አልጽፍም። የታከምኩበትንም ቦታ አልጠራም። የምጽፈው አንድ ሰው እንዲቀጣልኝ ብዬ አይደለም። ወረፋ ላይ አብረውኝ ከተቀመጡ ሴቶች ጋር ስናወራ አንዷ ከሌላ ክፍለ ከተማ፣ አንዷ ደግሞ ከክፍለ ሀገር የመጣች ሆና ሳለ ታሪካችን አንድ ዓይነት ሆኖ አገኘሁት። ለዚህ ነው ለሁላችሁም በግልጽ የጻፍኩት።

38 ዓመቴ ነው። የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ኅዳር ላይ የማህፀኔ በር ጫፍ ላይ ሊፕ የሚባለውን፣ የተበላሸ ሥጋ ቆርጦ የማንሳት ሕክምና ተሠራሁ። አሁን ሚያዝያ ነው። ከዚያ ወዲህ የወር አበባዬ በደንብ መጥቶ አያውቅም፤ ሕመሙ ግን ቀኑን ጠብቆ ከች ይላል። ጥያቄዬ ይቺው ናት። የቀረው ማብራሪያ ነው።

ጥቅምት ላይ ትንሹን ልጄን ላሳክም ሰፈሬ ያለው ጤና ጣቢያ ሄጄ አንዲት ሲስተር “እናት፣ ዕድሜሽ ስንት ነው? የማህፀን በር ተመርምረሽ ታውቂያለሽ?” አለችኝ። አላውቅም። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያለች ሴት መመርመር እንዳለባት ነገረችኝ። ብዙም ጊዜ አይፈጅም አለችኝ፤ እውነቷን ነው። የሚቀቡት አቼቶ ነው። ሰላጣ ላይ የምናደርገው ያው አሲድ፣ ከ3 እስከ 5 በመቶ የሆነ። ትንሽ ጠብቀው ያዩታል። ያልተስተካከለ ነገር ካለ ቦታው ይነጣል። የእኔ ነጣ።

በዚያች ሲስተር ላይ ቅንጣት ቅሬታ የለኝም። ወረቀት አውጥታ እየሳለች ነው ያስረዳችኝ። ካንሰር አይደለም፣ ዝም ከተባለ ከዓመታት በኋላ ካንሰር ሊሆን የሚችል ነገር ነው፣ አሁን መገኘቱ ዕድል ነው አለችኝ። ትንሽ ቢሆን ኖሮ እዚያው በሚያቀዘቅዘው ወይም በሚያሞቀው መሣሪያ ነካ አድርጋ ትሸኘኝ ነበር። የእኔ ሰፊ ነው፣ ጫፉም ወደ ውስጥ ገብቷል ብላ ሪፈር ጻፈችልኝ። እሷ ያደረገችው ይህን ያህል ነገር ሌላው ሁሉ ቢያደርገው ኖሮ ይህ ደብዳቤ አይጻፍም ነበር።

ሊፕን ለማታውቁ፣ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ቀጭን የሽቦ ቀለበት ነው። ማደንዘዣ ይወጉና በቀለበቱ የተበላሸውን ሥጋ ስስ አድርገው ያነሱታል። አላመመኝም ማለት ይቻላል። ያስጠላኝ ሽታው ነው። የራስን ሥጋ ሲቃጠል ማሽተት ደስ አይልም። የተቆረጠው በብልቃጥ ሆኖ ለባለቤቴ ተሰጠውና ወደ ፓቶሎጂ፣ ሥጋው ወደሚመረመርበት ክፍል፣ ይዞት ሄደ። በፌስታል አንጠልጥሎ። ምን እንደያዘ ያወቀም አይመስለኝም።

ከዚያ የተነገረኝ ይህ ነው፦ ትንሽ ፈሳሽ ይኖራል፣ አትጨነቂ፣ ለአንድ ወር ከባልሽ ጋር አትገናኚ፣ ውጤት ከሦስት ሳምንት በኋላ። በቃ። ይህ ሲነገረኝ ልብሴን እየለበስኩ ነበር፤ ቀጣዩዋ ሴት መጋረጃውን ገልጣ ገብታለች። እኔም ለእሷ አፍሬ፣ ልጠይቅ የነበረውን ዋጥ አድርጌ ወጣሁ።

“ትንሽ ፈሳሽ” የተባለው በመጀመሪያዎቹ ቀናት የቡና አተላ የመሰለ ጥቁር ነገር ነው። ደንግጬ ሞትኩ። ውስጤ የበሰበሰ መሰለኝ። ያ ጥቁር ነገር ደም እንዲያቆም ከተቀባው መድኃኒት የሚመጣ መሆኑን የነገረችኝ ከወራት በኋላ አንዲት የማውቃት አዋላጅ ነርስ ናት። ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። ሁለት ዓረፍተ ነገር ተነፍጌ ስንት ሌሊት ሳልተኛ አደርኩ።

በ11ኛው ቀን ሌሊት ደም መጣ። ከወር አበባ ይበልጥ ነበር፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሦስት ሞዴስ ቀየርኩ። በራይድ ሄድን። ተረኛው ሐኪም አየኝና “ይሄ ኖርማል ነው፣ ቅርፊቱ ሲላቀቅ ይደማል” አለኝ። ደሙም ጠዋት ላይ ቀነሰ። አሁን እንደገባኝ እውነት ነው፣ ከአሥር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ቁስሉ ላይ ያለው ቅርፊት ሲነሳ መድማት ይታወቃል። እሱን ካወቃችሁት፣ ስሸኝ ለምን አልነገራችሁኝም? በእኩለ ሌሊት ሁለት ልጆች ለጎረቤት ትቶ የሚሮጥ ሰው “ኖርማል” የምትለዋን ቃል ሲሰማ ይገላገላል ብላችሁ ታስባላችሁ? እኔስ እናደዳለሁ። ያቺ ቃል በኋላ ደግሞ ዋጋ አስከፈለችኝ፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ “ኖርማል ይሆናል” እያልኩ ቤቴ ቁጭ አልኩ።

ታኅሣሥ የወር አበባዬ ቀን ደረሰ። ቁርጠቱ መጣ። ደሙ አልመጣም። ጠብ ጠብ የሚል ቡናማ ነገር አንድ ቀን ታየና ጠፋ። እርጉዝ ነኝ ብዬ ተመረመርኩ፤ አይደለሁም። ጥር ላይ ቁርጠቱ ባሰ። ከእምብርቴ በታች አንድ ሰው በጉልበቱ የሚጫነኝ ይመስላል፣ ወገቤም ይቆረጣል። ለሦስት ለአራት ቀን አጎንብሼ ነው የምሄደው። ከዚያ ለቀቅ ያደርገኛል። የካቲትም እንዲሁ፣ መጋቢትም እንዲሁ፣ ግን በየወሩ ከፍ እያለ። ሁለት ልጅ የወለድኩ ሴት ነኝ፤ ሕመም ምን እንደሆነ አላውቅም አትበሉኝ።

እማዬ “ብርድ ገብቶብሽ ነው” ብላ ወገቤን በሙቅ ፎጣ ታሽገኛለች። ጸበልም ወስዳኛለች። ሄድኩ፣ እምነቴ ነው፣ አልጸጸትም። ግን እማዬ ቢያንስ ሕመሙ የት የት እንደሚሄድ፣ ስንት ቀን እንደሚቆይ ቁጭ ብላ ጠይቃኛለች። ሦስት ቦታ ነው የታየሁት፤ ሦስቱም ቦታ የመጀመሪያው ጥያቄ “የሦስት ወር መርፌ ትወስጃለሽ?” ነበር። አልወስድም። “እርግጠኛ ነሽ?” አዎ፣ እርግጠኛ ነኝ፣ የምወጋው እኔ ነኝ። አንዱ ጭንቀት ነው አለኝ። አንዷ ለማረጥ እየተቃረብሽ ይሆናል አለችኝ። አንዱ ደግሞ ኢንፌክሽን ነው ብሎ ፍላጅል አዘዘልኝ። ፍላጅሉን ዋጥኩት፤ አፌን ብረት ብረት አለኝ እንጂ ሆዴን ያለው ነገር የለም። ሊፕ መሠራቴን ለሦስቱም ተናግሬያለሁ። ሦስቱም “እሺ” ብለው ጻፉት። ሊፕ ከተሠራሽ በኋላ ነው ወይ የወር አበባሽ የጠፋው ብሎ አንዱን ከሌላው ያገናኘ ግን አንድም አልነበረም።

መጋቢት ላይ ከኪሴ ከፍዬ አልትራሳውንድ ተነሣሁ። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው። ያነሣኝን ልጅ “ምን ይላል?” ስለው “ሐኪምሽ ያስረዳሻል” አለኝ። የትኛው ሐኪሜ? ወረቀቱን ይዤ ወደዚያችው አዋላጅ ነርስ ሄድኩ። አንብባ ዝም አለች። ከዚያ “ማህፀንሽ ውስጥ ፈሳሽ ተጠራቅሟል ነው የሚለው፣ ምናልባት ደም” አለችኝ። እና ሌላ ሰው ያልነገረኝን ነገር ነገረችኝ። ሊፕ ወይም ሌላ የማህፀን በር ሕክምና ከተደረገ በኋላ ቁስሉ ሲድን ጠባሳው በሩን ሊያጠበው፣ አንዳንዴም ጭራሽ ሊደፍነው ይችላል። ብዙ ሴት ላይ አይሆንም። ሲሆን ግን ደሙ በጊዜው ይፈሳል፣ መውጫ ያጣል፣ እዚያው ይጠራቀማል። ለዚህ ነው ሕመሙ ቀን ቆጥሮ የሚመጣው። መፍትሔውም ብዙ ጊዜ በሩን በቀጫጭን ዘንግ ቀስ በቀስ ማስፋት ነው። እሷ ሐኪም አይደለችም፣ “ይሄ ነው ብዬ አልፈርምልሽም፣ ማህፀን ሐኪም ይየው” ብላኛለች። እኔም ይሄ ነው እያልኩ አይደለም። እኔ የምለው ከኅዳር እስከ መጋቢት ይህች ነገር በአንድ ሰው አእምሮ ውስጥ እንኳ ውልብ ማለት አልነበረባትም ወይ ነው።

አሁን ወደ ብልቃጡ ልመለስ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ውጤት ልወስድ ሄድኩ። አልደረሰም። በሳምንቱ ሄድኩ። የሚፈርመው ሐኪም የለም። ጥር ላይ ሄድኩ። “ወጥቷል፣ ካርድሽ ውስጥ ተያይዟል” ተባልኩ። ካርዴ ግን ካርድ ክፍል የለም። ሐኪሙ ጋ ነው ይላሉ፣ ሐኪሙ ካርድ ክፍል ነው ይላል። እዚህ ላይ ሳቅኩ፣ እውነቴን ነው፣ ኮሪደር ላይ ቆሜ ብቻዬን ሳቅኩ። የተቆረጠውን ሥጋዬን ባለቤቴ በፌስታል ተሸክሞ ካደረሰ፣ አንዲት ወረቀት መልሶ ለእኔ ማድረስ ይህን ያህል ይከብዳል?

ያቺ ወረቀት ምን እንደያዘች አሁን ስለማውቅ ነው የምጮኸው። ለውጡ ቀላል ነው ወይስ ከባድ፣ ደረጃው እነሱ እንደሚሉት ሲን 1 ነው 2 ነው ወይስ 3፣ እሱ እዚያ ነው ያለው። ቀላሉ ብዙ ጊዜ ራሱ ይጠፋል፤ ከባዱ ካልታከመ ነው ወደ ካንሰር የሚሄደው። ከዚያም በላይ የተቆረጠው ሥጋ ጠርዙ ንጹህ ነው ወይስ የተበላሸው ነገር እስከ ጠርዙ ደርሷል የሚለው እዚያ ነው ያለው። ጠርዙ ንጹህ ካልሆነ የቀረ ነገር ሊኖር ይችላልና ክትትሉ ጠበቅ ማለት አለበት። አሁን ሁለቱን አንድ ላይ አድርጋችሁ አስቡልኝ። ጠርዜ ንጹህ ይሁን አይሁን አላውቅም። የማህፀኔ በር ደግሞ ምናልባት ተደፍኗል። በሩ ከተደፈነ ወደ ውስጥ የገባውን ቦታ በዓመቱ ስትመረምሩኝ እንዴት ልታዩት ነው? የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ገና ጥቅምት ላይ “ወደ ውስጥ ገብቷል” ብላ ነበር እኮ። ሌሊት የሚያነቃኝ ቁርጠቱ ብቻ አይደለም፤ ይሄም ነው።

ስለ ባለቤቴ ትንሽ ልናገር፤ ማንም በአደባባይ የማያወራው ነገር ስለሆነ። ደግ ሰው ነው። ግን “ቫይረስ ነው የሚያመጣው፣ በግንኙነት ነው የሚተላለፈው” የሚለውን ኮሪደር ላይ ከአንድ ፖስተር አነበበ። ማታ ቤት ገብተን “ከየት አመጣሽው?” አለኝ። በቀስታ ነው ያለው፣ ግን አለ። 15 ዓመት በትዳር ኖሬ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም፤ ምንም ሳላደርግ። መልሱን እኔ አላውቅም ነበር። መልሱ ደግሞ ቀላል ነው፤ ግንኙነት የጀመረ ሰው አብዛኛው፣ ወንዱም ሴቱም፣ በሆነ ጊዜ ይህ ኤችፒቪ የሚባለው ቫይረስ ይይዘዋል፤ አብዛኛው ሰውነት በአንድ በሁለት ዓመት ውስጥ ራሱ ያጠፋዋል፤ አንዳንዱ ላይ ግን ድምፁን አጥፍቶ ለዓመታት ይቀመጣል። ማን ለማን መቼ እንደሰጠ ማወቅ አይቻልም። ከጋብቻ በፊት ከእሱም ሊሆን ይችላል፣ ከእኔም። ይህንን አንድ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ለሁለታችን ቢነግረን ምን ነበረበት? ባለቤቴ ደጅ ላይ ቆሞ ነበር እኮ፣ ደግሞ ብልቃጥ ለመሸከም ሲፈለግ ተጠርቷል።

ኮሪደር ካልኩ አይቀር፣ “ማናት ሊፕ የተሠራችው?” ብሎ ወረፋ መሀል መጣራት ይቅር። እባካችሁ። አንዲት ልጅ ስሟ ሲጠራ እንዳልሰማች ሆና ስትወጣ አይቻለሁ። ተመልሳ አልመጣችም።

እና ምን ትፈልጊያለሽ ካላችሁኝ፣ ብዙ አይደለም። አንድ ገጽ ወረቀት በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ ታካሚዋ በምትሰማው ቋንቋ። ማንበብ የማትችል ካለች የሚነግራት ሰው። ላይዋ ላይ ጥቁሩ ነገር ከየት እንደሚመጣ፣ ውኃ የመሰለው ፈሳሽ ለሳምንታት ሊቆይ እንደሚችል፣ በሁለተኛው ሳምንት አካባቢ ሊደማ እንደሚችል ይጻፍባት። ግን ትኩሳት ከመጣ፣ ፈሳሹ መግል ከመሰለና ከሸተተ፣ ደሙ ከከባድ የወር አበባ ከበለጠ ወይም እየረጋ ከወጣ፣ ሆድ ክፉኛ ከቆረጠ ሳትውል ሳታድር ነይ የሚል ደግሞ ጎላ ብሎ ይጻፍ። ከዚያ ከሥር አንድ መስመር ጨምሩልኝ፣ ስለ እኔ ስትሉ፦ የወር አበባሽ ከቀረ፣ ሕመሙ ግን በወሩ ከመጣ፣ ተመልሰሽ ነይ። እና አንድ ስልክ። የሚነሳ ስልክ። የውጤቱንም ቅጂ ለሴትየዋ በእጇ ስጧት፣ እኛ ዕቃ አናጠፋም፤ የ15 ዓመት የውኃ ደረሰኝ ቤቴ አለ።

ይህን ሁሉ ስጽፍ የሚያስፈራኝ አንድ ነገር አለ። ታናሽ እህቴ 34 ዓመቷ ነው። ጥቅምት ላይ እኔ ተመርምሬ ስመጣ “እኔም ሰኞ እሄዳለሁ” ብላኝ ነበር። ከዚያ በየወሩ ተጣጥፌ ስተኛ አየችኝ። አሁን “አንቺን እንዲህ ያደረገሽ ነገር ለእኔ ይቅርብኝ” ትላለች። እኔ ነኝ ያስፈራራኋት፤ እኔ ነኝ አሁን የምለምናት። ምርመራው አይደለም የጎዳኝ። ሕክምናውም ቢሆን ያስፈልገኝ ነበር፣ ዛሬም ቢሆን እሠራው ነበር። በአገራችን ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሴቶችን በብዛት የሚይዘው የማህፀን በር ጫፍ ካንሰር ነው፣ እናም ገና ካንሰር ሳይሆን ሊደረስበት የሚችል በሽታ ነው። ትልቋ ልጄ በ14 ዓመቷ ትምህርት ቤት ክትባቱን ስትወስድ ፈርሜላታለሁ፣ ደስ እያለኝ። ለእህቴ ይህን ሁሉ እነግራታለሁ። እሷ ግን የምትሰማው አፌን አይደለም፣ የምታየው ሆዴን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ዕቅድ ሦስት ቁጥር አለው። እስከ 2030 ድረስ 90 በመቶ ልጃገረዶች ይከተቡ፣ 70 በመቶ ሴቶች በ35 እና በ45 ዓመታቸው ይመርመሩ፣ በሽታ የተገኘባቸው 90 በመቶዎቹ ይታከሙ። ጥሩ ነው። እኔ ሦስተኛው ቁጥር ውስጥ ገብቻለሁ። አንድ መዝገብ ላይ “ታክማለች” ተብዬ ተጽፌያለሁ፣ ከጎኔም ምልክት ተደርጎብኛል። ታክማ ከሄደች በኋላስ ምን ሆነች የሚል አራተኛ ቁጥር ግን የለም። እህቴ ሁለተኛው ቁጥር ውስጥ እንድትገባ የምትፈልጉ ከሆነ መንገዱ በእኔ በኩል ነው የሚያልፈው።

ስለ ሥራችሁ ብዛት አላውቅም አልልም። አንድ ሐኪም በአንድ ጠዋት ስንት ሴት እንደሚያይ ወረፋ ላይ ቁጭ ብዬ ቆጥሬያለሁ። ሲስተሮቹ ምሳ ሳይበሉ ሲውሉ አይቻለሁ። ጓንት ሲያልቅም አይቻለሁ። ግን ሥራ የበዛበት ሰው ነው ወረቀት የሚያስፈልገው፤ ወረቀቷ በእሱ ፈንታ ትናገርለታለች።

ሐሙስ ቀጠሮ አለኝ። አልትራሳውንዱን ይዤ እመጣለሁ። የመጣብኝን ሕመም ቀኑን፣ ስንት ቀን እንደቆየና ምን ያህል እንደከበደ ከታኅሣሥ ጀምሮ በልጄ የሒሳብ ደብተር ጀርባ ላይ ጽፌዋለሁ፣ እሱንም አመጣለሁ። ባለቤቴም አብሮኝ ይገባል፤ ደጅ አይቆምም። የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው፦ በሩ ተደፍኖ እንደሆነ እዩልኝ፣ የብልቃጡን ውጤት ፈልጉልኝ። ካርዴ እስከ ሐሙስ ካልተገኘ ወደ ፓቶሎጂ የሚሄደውን መንገድ ባለቤቴ ያውቀዋል። ራሳችን ሄደን መዝገባቸው ላይ እንዲፈልጉልን እንለምናለን፣ እናንተ ብቻ አንድ ደብዳቤ ጻፉልን።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት ታካሚያችሁ፣ አዲስ አበባ